ሰው በሌለበት የበራ መብራት

የአዲስ አበባን የቤት ሽያጭ ማስታወቂያዎች እስቲ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ቪላውም፣ ጂ ፕላስ 2ቱም፣ አፓርታማውም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መነሣት ይዘዋል። ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ፣ መስኮቱ ሁሉ ወርቅማ ነው።

ምሥጢሩ ቀላል ነው። ከተማችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ድንግዝግዝታዋ አጭር ነው፤ 20 ደቂቃ ያህል ቢቆይ ነው። በዚያች ጊዜ የሰማዩና የአምፖሉ ብርሃን ይመጣጠናሉ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ያሳርፋል፤ የቤቱን መብራት ሁሉ ያስበራል፤ የካሜራውን ዐይን ለሰከንዶች ከፍቶ ይተወዋል። የግድግዳው ስንጥቅ፣ ክረምት ያበቀለው ሻጋታ፣ ከአጥሩ ማዶ የቆመው ያላለቀ ፎቅ በጥላው ይዋጣሉ።

«ሙሽራስ ትኳል የለም እንዴ?» ይሉናል። ትኳላለች። ሙሽራው ግን ያለ ኩልም ያውቃታል፤ ዋሽንግተን ተቀምጦ ቤቱን በስልኩ የሚያይ ወገናችን ሌላ መልኩን ከየት ያውቃል?

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ለብድር ዋስትና የቀረበ ቤት የሚገመተው በቀን ነው፤ ገማቹ መሐንዲስ መሠረቱንና ጣሪያውን ያያል እንጂ የጀንበሯን ውበት አይመዘግብም። ባንክ ለገንዘቡ ሲሳሳ የሚጠይቀውን ብርሃን፣ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመ ገዢ ስለምን ይነፈጋል?

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። በእኛ ዘንድ በምሽት የበራ መስኮት ቃል አለው፤ «ሰው አለ፣ ግባ» ይላል። ከሥራ ለሚመለስ ሰው እናት አልተኛችም፣ እራት አልተነሣም ማለት ነው። ለሽያጭ የቀረበው ቤት ግን ባዶ ነው። መብራቱን ያበራው ደላላው ነው፤ ፎቶው እንዳለቀም ያጠፋዋል። ውሸቱ ስለ ግድግዳው ብቻ ቢሆን በቀለም በተስተካከለ ነበር፤ ስለ ሰው የተዋሸውን ግን የትኛው ቀለም ያድሰዋል? ገጣሚ የበራውን መስኮት ከናፍቆት ተበድሮ ለናፍቆት ይመልሰዋል፤ ነጋዴው ናፍቆታችንን በካሬ ሜትር ያስከፍለናል።

ስለዚህ ሻጮች ሆይ፣ ቤቱን ከቀኑ በ6 ሰዓት አንሡልን። የውኃ ታንከሩን፣ ቆጣሪውን፣ መግቢያ መንገዱን፣ የሻገተውን ጥግ አሳዩን። ምሽቱን ግን ተዉልን፤ ገዝተን ስንገባ መብራቱን እኛው እናበራዋለን።