ከምንጣፉ በኋላ

ጥር 10 ከሰዓት በኋላ የጎንደር ታቦታት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከፊት ከፊታቸው የሚሮጠው ወጣቱ ነው። ምንጣፍ ያነጥፋል፤ ታቦቱ ሲያልፍ ይጠቀልላል፤ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ፊት ይሮጥና እንደገና ያነጥፋል። ሕዝቡን የሚያስተናግደውም፣ በዓሉ ሲያልቅ ቆሻሻ የሚለቅመውም እሱ ነው። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ለመመዝገብ የበቃው የዚህ ወጣት ላብ ተጨምሮበት ነው። አባቶች ይመርቁታል፣ እናቶች እልል ይሉለታል።

ይኸው ልጅ በየካቲት አንድ ወረቀት ይዞ ወደ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ብቅ ሲል ግን ነገሩ ይቀዘቅዛል። «የብራና መጻሕፍቱን ፎቶ አንሥተን እንያዛቸው» ይላል። «ለአብነት ተማሪዎቹ ደህና ማደሪያ እንሥራላቸው» ይላል። መልሱ ሁልጊዜ ትሑት ነው፦ «ጎበዝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያክብርህ፤ እስቲ እናየዋለን።» «እናየዋለን» ተብሎ የታየ ነገር የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ወንበር እንኳ አልተነፈገም። በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ወጥቶ ኋላ የተሻሻለው የቤተ ክርስቲያኗ መተዳደሪያ ደንብ ቃለ ዓዋዲ፣ ሰበካ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እንዲዋቀር ይደነግጋል። ባየኋቸው ደብሮች ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ወጣት ሥራው ቃለ ጉባኤ መጻፍ ነው። የሌሎችን ሐሳብ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ያሰፍራል።

ሽማግሌዎቹን አልወቅስም፤ ወይም ሙሉ በሙሉ አልወቅስም። ዜማው፣ ቅዳሴውና ብራናው እዚህ የደረሰው «አይሆንም» የሚል ሰው በየዘመኑ ስለነበረ ነው። ራእይ አየሁ የሚል ሁሉ ደግሞ ራእይ አላየም። አንዳንዱ ያየው ስልኩን ነው።

ቢሆንም የአለቃ ገብረ ሃናን ነገር ጎንደር ልትረሳው አይገባም። ሕዝቡ አለቃን የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ የአቋቋም ሊቅነታቸው በሣቅ ተሸፍኖ ቀርቷል። በጣና ማዕበልና ነፋስ በሚያወዛውዘው ሸንበቆ ተመስጠው አዲስ የአቋቋም ስልት እንዳወጡ ይነገራል። ስልቱን ወደ ጎንደር ይዘው ሲመጡ ሊቃውንቱ አልተቀበሉትም ይባላል። አለቃም ከመከራከር ይልቅ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ልጁ በደብረ ታቦር አቀናው፣ ከዚያ ተስፋፋ። ዛሬ አቋቋም ሲነሣ ላይ ቤት፣ ታች ቤትና ተክሌ ተብሎ ይቆጠራል። ሦስተኛው የሚጠራው በአባትየው እንኳ ሳይሆን በልጁ ስም ነው። በየበዓሉ ጽናጽልና መቋሚያ ይዘን የምንወዛወዝበትን ነገር አንድ ጊዜ «ይሄማ ዘፈን ነው» ያለው ሰው ማን እንደነበር የሚያስታውስ የለም።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያኗ ደፋር ልጅ እንዴት እንደሚያዝ አታውቅም ማለት አይቻልም። ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ቅኔ ቤት ሄዶ ማየት ነው። ከጃናሞራ ወይም ከዳባት ብርድ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር እየተጋፋ የመጣ ልጅ የኔታ ፊት ይቆማል። እዚያ የትናንቱን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ብቻውን ወደ ዱር ወጥቶ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል። ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ከላላ ያርሙታል። ክፉኛም ይተቹታል፣ ያስቁበታል። ግን ሰምተው ነው፤ ነገም ሌላ ይዞ እንዲመጣ ይጠብቁታል። ሥርዓቱ ጥብቅ ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ሦስተኛ አይጨመርበትም። በዚያ ጠባብ ግድግዳ ውስጥ ግን ከዚህ በፊት ማንም ያላለውን እንዲል ይገደዳል።

በቅኔ ቤትና በደብር ጽሕፈት ቤት መካከል ብዙ ጊዜ አንድ አጥር ብቻ ነው ያለው። ከአጥሩ ወዲያ አዲስ ነገር ያላመጣ ተማሪ ያፍራል፤ ከአጥሩ ወዲህ አዲስ ነገር ያመጣው ያፍራል። ለምን እንዲህ እንደሆነ አጥጋቢ ምክንያት የሰጠኝ ሰው የለም። ገንዘብ ስላለበት ነው ያሉኝ አንድ ካህን ግን ከእውነቱ ሳይጠጉ አልቀሩም። ቅኔ ቢበላሽ የሚከስረው ተማሪው ነው፤ ማደሪያ ቤት ቢበላሽ የደብሩ አለቃ ይጠየቃል።

ይህ እውነተኛ ፍርሃት ስለሆነ በምርቃት አይለቅም። እንግዲያው በትንሹ ይጀመር። ለየሰንበት ትምህርት ቤቱ ዕቅድ የሚሰማ አንድ መምህር ይመደብ፤ የሚሰማበት ቀን ይቆረጥ፤ «አይሆንም» የሚባል ከሆነም ምክንያቱ ተነግሮት አርሞ እንዲመለስ ይደረግ። የብራናው ሥራማ የሙዳየ ምጽዋት ገንዘብ እንኳ ብዙ አይነካም። ካሜራውን ልጁ በኪሱ ይዞት መጥቷል፤ ከደብሩ የሚፈልገው የዕቃ ቤቱን ቁልፍና አብሮት የሚቆም አንድ መሪጌታ ነው።