የሃኖቨር መዝገብና የአዳማ የጋሪ ፈረስ

«ዋርምብላድ» ከሚባሉት የአውሮፓ ፈረሶች መካከል የጀርመኑ ሃኖቨር በዝላይና በድሬሳጅ ውድድር ስሙ የገነነ ነው። ስያሜው የደምን ሙቀት አይመለከትም፤ በከባዱ የጭነት ፈረስና በፈጣኑ የዓረብ ፈረስ መካከል ያለውን ጠባይ ያመለክታል። የሃኖቨር የቀድሞ ሥራ ግን ከአዳማ የጋሪ ፈረስ ሥራ ብዙ የራቀ አልነበረም። ማረሻ ይስብ፣ ሠረገላ ይጎትት፣ ለጦር ሠራዊትም ይሸጥ ነበር። ዳግማዊ ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1735 በሴለ ከተማ የመንግሥት ድንጉላዎች ማደሪያ ያቋቋመው ለአገሬው ገበሬ ባዝራ የተመረጠ ድንጉላ ለማቅረብ ነበር። የዝርያው መዝገብ በ1888 ተከፈተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትራክተር ፈረሱን ከእርሻ ሲያስወጣ፣ አርቢዎቹ የየትኛው ድንጉላ ልጅ ምን እንደሚችል ከመዝገብ ያውቁ ስለነበር፣ የእንግሊዝ የሩጫ ፈረስና የትራኬነር ደም እየጨመሩ የእርሻውን ፈረስ በጥቂት ትውልድ የስፖርት ፈረስ አደረጉት።

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ የትራክተሩን ቦታ የያዘው ባጃጅ ነው። ጋሪ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ከዚያም ወደ ከተማው ዳርቻ እየተገፋ ነው። ልዩነቱ እዚህ የሚገለጥ መዝገብ አለመኖሩ ነው።

ስለ ፈረስ ማሻሻል ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ የውጭ ደም ማስገባት ነው። ለዚህም የአርሲ የወተት ላም በምሳሌነት ትጠቀሳለች። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ያስፋፋው የድቅል ላም ርባታ ለአሰላ አካባቢ ገበሬ ጥቅሙ የታየ ነውና ምሳሌው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ለፈረስ አይሠራም። ላሟ የበላችውን በየዕለቱ በወተት ትመልሳለች፣ ለወተቱም ገበያ አለው። ቁመቱ ከ1.60 ሜትር የሚያልፍ፣ ክብደቱ 600 ኪሎ ግራም የሚደርስ ፈረስ በቀን 12 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ሲፈልግ፣ ወጪውን የሚመልስለት ገበያ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የለም።

ከመኖው የሚከፋው በሽታው ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ኩሊኮይድስ በተባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ንክሻ ይተላለፋል፤ ቫይረሱን ፈጽሞ በማያውቁ ፈረሶች ላይ ሲወድቅ ከአሥሩ ዘጠኙን ሊገድል ይችላል። ታይላንድ በ2020 በመጀመሪያው ወረርሽኝ ከ500 በላይ ፈረሶች አጥታለች። በኢትዮጵያ በሽታው ነዋሪ ነው፤ ክትባቱንም የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል። ክትባት ቢኖርም፣ ውድ ዋጋ የተከፈለበት የአውሮፓ ድንጉላ እንዲህ ባለ አገር የሚቆምበት ጋጣ ምን ያህል ጥበቃ እንደሚሻ መገመት አያዳግትም።

ከሃኖቨር ሊወሰድ የሚገባው ደሙ ሳይሆን የአሠራሩ ሥርዓት ነው። እዚያ ድንጉላ ተፈትኖ ያለፈ እንደሆነ ወደ ባዝራዎቹ ይመለሳል። እዚህ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ርባታው በደጋው ገበሬ ዘንድ ነው፤ ፈተናው በከተማ ነው። ወደ ጋሪ የሚገባው በአብዛኛው ወንዱ ሲሆን ባዝራዋ ለዘር እዚያው ትቀራለች። ሙቀቱን፣ ጭነቱን፣ የመኖ እጥረቱንና በሽታውን ተቋቁሞ ለዓመታት የሠራ ፈረስ በከተማ ጎዳና ሲያልቅ፣ ጥንካሬው ወደተወለደበት መንደር አይመለስም። ወንድሙ የት እንዳለ፣ አባቱ ማን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ሁኔታው የሚያስደንቀው ደግሞ የጌታውን ስም በፈረስ ስም በሚጠራ አገር ነው፤ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ እየተባለ የፈረሱ ስም ሲወሳ የፈረሱ ትውልድ ግን አልተጻፈም።

የፈተናውን ክብደት ለማወቅ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስን መመልከት ይበቃል። በ2006 በታተመ ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ከተመረመሩት 19,082 የጋሪ ፈረሶች 18.8 በመቶው በዚህ በፈንገስ በሚመጣ በሽታ የተያዙ ሆነው ተገኝተዋል። ፈንገሱ የሚገባው በቁስል ነው፤ ቁስሉንም ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ልኩ ያልሆነ የጋሪ ዕቃ ነው። ሕክምናው ዘግይቶ ሲጀመር እምብዛም አይረዳም፤ ፈረሱ ሲደክምም መንገድ ላይ ይለቀቃል፣ ባለጋሪውም የዕለት እንጀራውን ያጣል። ታዲያ ከአምስቱ አንዱ ሲያዝ አራቱ ለምን ቀሩ? ዕድል ነው፣ የዕቃው ልክ ነው፣ ወይስ የዘር? በአንድ ቀን ምርመራ ሥርጭትን የሚቆጥር ጥናት፣ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ይህን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም። የሚመልሰው ያንኑ ፈረስ ለዓመታት የሚከታተል መዝገብ ነው።

የመዝገቡ ይዘት ቀላል ነው፤ ፈረሱ የተገዛበት ገበያ፣ በጥርሱ የተገመተ ዕድሜው፣ ቁመቱ፣ የታመመበት ጊዜ፣ ከሥራ የወጣበት ምክንያት። አንድ የማስተርስ ተማሪ በሁለት ዓመት አይጨርሰውም፤ ስለዚህ ከተማሪ ወደ ተማሪ እየተላለፈ በትምህርት ክፍሉ ስም መቀጠል አለበት። ከአዳማ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለ፣ ሥራው ባለቤት ሊያጣ አይገባውም።

ጋሪ እየጠፋ ነውና መዝገቡ ለምን ይሆናል የሚሉ አሉ። የአርሲና የባሌ ደጋ ግን ገና በፈረስ ይጓዛል፤ ደግሞም ፈተናው ከከተማ ከጠፋ በኋላ ውጤቱን መሰብሰብ አይቻልም። የበለጠ ክብደት ያለው የባለጋሪዎቹ ሥጋት ነው። ፈረሱ ታሞ ከተመዘገበ ከሥራ ይታገድብኛል ብሎ የሚፈራ ባለጋሪ እውነቱን አይናገርም፣ ፈረሱንም ያሸሻል። በዚህ ምክንያት መዝጋቢው ከደብተሩ ጋር የቁስል መድኃኒትና ልኩን የጠበቀ የጋሪ ዕቃ ይዞ መሄድ ይኖርበታል፤ ይህም ወጪ ከምርምር በጀቱ ሲዘጋጅ ከመጀመሪያው ሊታሰብ ይገባል።