ከፌሎሺፕ በኋላ ያለው ወጪ የነጋዴውም ነው

በውጭ አገር ገዢዎች ዘንድ ዛሬ በስም እየተጠሩ ከሚፈለጉት የኢትዮጵያ ቡናዎች መካከል 74110 እና 74112 የተባሉት ይገኙባቸዋል። ቡና ላኪው እነዚህን ቁጥሮች በናሙናው ከረጢት ላይ ሲጽፍ ከየት እንደ መጡ አይጠይቅ ይሆናል። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ በታየ ጊዜ፥ በጅማ የምርምር ጣቢያ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ባለሙያዎች በቡናው አገር እየዞሩ በበሽታው መካከል ጤናቸውን ጠብቀው የቆሙትን ዛፎች መረጡ። በ74 የሚጀምሩት ቁጥሮች በ1974 የተደረገው የዚያ ምርጫ ማስታወሻ ናቸው። ሥራው ባይሠራ ኖሮ በንግዱ ላይ ምን ይደርስ እንደ ነበር ለላኪ ማስረዳት አያሻም።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ሰው በአንድ ቀን አይገኝም። ወጣት የእርሻ ተመራማሪዎችን በትልልቅ ላቦራቶሪዎች ለተወሰነ ጊዜ የሚያሠራው፥ ፌሎሺፕ የሚባለው ዕድል ስለዚህ የቆመ ነው። በ1970 የኖቤልን የሰላም ሽልማት በተቀበሉት በስንዴው ሊቅ በዶክቶር ኖርማን ቦርሎግ ስም የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር በ2004 ያቋቋመው ፌሎሺፕ፥ ከሌሎቹ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ አሠራር ነበረው። ተመራማሪው ለጥቂት ወራት በአሜሪካ ከአንድ መምህር ሥር ሠርቶ ከተመለሰ በኋላ፥ መምህሩ በተራው ተነሥቶ ወደ ተማሪው አገር ይሄዳል። ይህን ያሰበ ሰው ችግሩ የት እንዳለ የተረዳ ነው።

ችግሩ ያለው ከመመለሱ በኋላ ነውና። ወጣቱ ወይም ወጣቲቱ አዲስ የመመርመሪያ ዘዴ ተምረው ወደ ጣቢያቸው ይገባሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ኬሚካሉ ያልቃል፥ ወይም የመሣሪያው አንዲት መለዋወጫ ትሰበራለች። የሚያስፈልገው ዕቃ በአንድ ካርቶን የሚያልቅ ነው። ዳሩ ግን ካርቶንም ቢሆን የዋጋ ማቅረቢያ፥ የውጭ ምንዛሪ፥ የባንክ ወረቀትና የጉምሩክ ማስፈጸሚያ ያስፈልገዋል። ይህን ሥራ ተመራማሪው አልተማረውም፤ አስመጪው ግን ዘወትር የሚሠራው ነው። ዝናብ ደግሞ ፈቃድ እስኪወጣ አይጠብቅም። በሰኔ መዘራት የነበረበት ሙከራ ካለፈ፥ የታጣው አንድ ሳምንት ሳይሆን አንድ ዓመት ነው።

ነጋዴው «ይህ ለእኔ ምኔ ነው?» ቢል፥ በ2008 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት የጃፓን መርማሪዎች በኢትዮጵያ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አገኙ፤ ከዋናዎቹ ገዢዎች አንዷ የነበረችው ጃፓንም ግዢዋን በብርቱ ቀነሰች። አብዛኛው ገበሬ ለቡናው መድኃኒት የማይረጭ ሆኖ ሳለ ይህ መከሰቱ ብዙውን ሰው አስደነቀ። በመጨረሻ ጥርጣሬው ያረፈው በማሳው ላይ ሳይሆን ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። እንግዲህ ጆንያውን ከመጫኑ በፊት የሚመረምር፥ ውጤቱንም ገዢው የሚያምነው ሰው በአገር ውስጥ መኖሩ ስንት ብር እንደሚያወጣ ራሱ ላኪው ያስላው። ሰሊጥና ቦሎቄ የሚልኩትም ቢሆኑ ከዚህ ሒሳብ ውጭ አይደሉም።

ምርምር የመንግሥት ሥራ ነው፥ ነጋዴውም ግብሩን ከፍሏል የሚል ክርክር ይነሣል፤ ከእውነት የራቀም አይደለም። የሄደው አይመለስም የሚለው ቅሬታም አለ። በእርግጥ ብዙዎች ቀርተዋል፤ ሆኖም የቀረ ሁሉ ጠፋ ማለት አይቻልም። በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ1978 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀብለው፥ ኋላም በዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነዋል። አቀንጭራን የሚቋቋሙት የማሽላ ዝርያዎቻቸው ግን ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሌሎች የአፍሪቃ አገሮች ደርሰዋል፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጣቸውም ስለ ማሽላው ሥራቸው ነው። ደግሞስ የተመለሰው ባዶ ጠረጴዛ ከጠበቀው፥ በቀረው ላይ መፍረድ ምን ያህል ያስኬዳል?

የባዕድ ገንዘብ ሁልጊዜ እንደማይገኝም በቅርቡ ታይቷል። ለብዙ ዘመን የእርሻ ምርምርን ሲረዳ የኖረው ዩ.ኤስ.ኤይድ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት በ2025 ተዘግቷል። ስለዚህ ፌሎሺፑን ለሚሰጡት የጉዞውንና የትምህርቱን ወጪ ትቶ፥ የንግዱ ማኅበር ከመመለስ በኋላ ያሉትን ሁለት ዓመታት ቢይዝ ይቻለዋል። አስመጪው የላቦራቶሪውን ካርቶን ከራሱ ዕቃ ጋር አብሮ ቢያዝና ወረቀቱን ቢያስፈጽም ከልምዱ የሚጨምረው ድካም ጥቂት ነው። ላኪዎችም በየጭነቱ ጥቂት ገንዘብ ቢያዋጡ፥ አንድ ተመራማሪ ሥራውን ሳያቋርጥ መቆየት ይችላል። ዘርና ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚሸጠው ባለ ሱቅ ከሁሉ በፊት ገበሬው ስለ ምን እንደሚያማርር ይሰማል፤ የሰማውን ለጣቢያው ቢያደርስ ገንዘብ እንኳ አይጠየቅበትም። የመጀመሪያው እርምጃ ምክር ቤቱ በዚህ ዓመት ከውጭ የሚመለሱትን ወጣት ተመራማሪዎችና ለሥራቸው የሚያስፈልጋቸውን ዕቃ ከየጣቢያው ጠይቆ፥ ዝርዝሩን ከሚቀጥለው የዘር ወቅት አስቀድሞ ለአባላቱ መላክ ነው።