በበረዶ ላይ የሮጡት የአርሲ ልጆችና የዕድሜያቸው መዝገብ

የሰው ልጅ ጨዋታው ከአገሩ ጠባይ የሚመነጭ መሆኑ የታወቀ ነው። በኖርዌይና በስዊድን፣ በፊንላንድና በስዊስ አገር ክረምት በገባ ጊዜ ምድሩ በአመዳይ ተሸፍኖ ለወራት ስለሚቈይ፣ ሕፃናቱ ገና በእግራቸው መቆም ሲጀምሩ በረጅም ሳንቃ ላይ ሆኖ መንሸራተትን ይማራሉ። በኢትዮጵያ ግን በረዶ ሲባል የሚታወቀው ከደመና እንደ ጠጠር የሚወርደው፣ የገበሬውን ስንዴና ገብስ በአንድ ሰዓት አጭዶ የሚሄደው ነው፤ ልጅ የሚጫወትበት ሳይሆን አባት እንዳይመጣ የሚጸልይበት ነገር ነው። ስለዚህ በ2004 ዓ.ም. በኦስትሪያ ከተማ በኢንስብሩክ በተጀመረው የወጣቶች የክረምት ኦሎምፒክ ላይ የኢትዮጵያ ስም ጎልቶ አለመሰማቱ ሊያስገርም አይገባም። በታላላቆቹ የክረምት ኦሎምፒክም ቢሆን በ1998 ዓ.ም. በቱሪን፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በቫንኩቨር የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ የቀረበው ሮቤል ተክለ ማርያም ነው። እርሱም አዲስ አበባ ተወልዶ የበረዶ ሸርተቴን የተማረው በአሜሪካ ነው። ውጤቱ ከኋለኞቹ ተርታ ቢሆንም የጀመረውን ሳይፈጽም ያልተመለሰ ሰው ስለ ሆነ ሊመሰገን ይገባዋል።

በረዶ የሌለው አገር ሁሉ ከዚህ ማዕድ ተከልክሎ ይቀራል ማለት ግን አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. በኮርያ በጋንግዎን በተደረገው የወጣቶች የክረምት ኦሎምፒክ አንድ የቱኒዚያ ወጣት፣ አንድ ሰው ብቻ በሚቀመጥባት መንሸራተቻ በበረዶ ቦይ ወርዶ የብር ሜዳይ አግኝቷል። ወደ ሰሐራ የሚያዋስን አገር ልጅ ይህን ካደረገ፣ ለወደፊት የሚሆነውን ማን ያውቃል? ይሁንና ኢትዮጵያ በክረምት ጨዋታ የምትፈራበት ሜዳ አስቀድሞ አለ፤ እርሱም አገር አቋራጭ የሚባለው ሩጫ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሩጫ ከአደባባይ ሩጫ አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል። በአውሮፓ ግን ይህ የክረምት ጨዋታ ነው፤ የሚሮጠውም በጭቃና በውርጭ፣ በሣርና በአቀበት፣ አንዳንድ ጊዜም በአመዳይ ላይ ነው። የዓለሙ ሻምፒዮና በብዙ ዓመት የተደረገው በመጋቢት፣ የሰሜኑ ብርድ ገና ሳይለቅ ነው። በመጋቢት 12 ቀን 1984 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ፍራንክሊን ፓርክ በተባለው መስክ ውድድሩ ሲደረግ መሬቱ በአመዳይ ተሸፍኖ ነበር። በዚያ የወጣት ወንዶች ሩጫ ከኬንያዊው ከእስማኤል ኪሩዊ ቀጥሎ 2ኛ ሆኖ የገባው የ18 ዓመት ልጅ የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ከ6 ወር በኋላ፣ በመስከረም 1985 ዓ.ም.፣ በሴኡል በተደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ5 ሺህም በ10 ሺህም ሜትር አሸነፈ፤ በ10 ሺህ ሜትሩ የተሸነፈው ተወዳዳሪ ተናድዶ ከጀርባው ስለ መታው ከውጤት መሰረዙ እስከ ዛሬ ይወራል።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። በመጋቢት 1993 ዓ.ም. በአየርላንድ ሊደረግ የነበረው ሻምፒዮና በከብት በሽታ ምክንያት ወደ ቤልጂግ ከተማ ወደ ኦስተንድ ተዛውሮ፣ ከዝናብ ብዛት የተነሣ ሜዳው ረግረግ ሆኖ ሳለ፣ የበቆጂው ልጅ ቀነኒሳ በቀለ በመጀመሪያው ቀን ከአዋቂዎች ጋር በአጭሩ ሩጫ 2ኛ ወጣ፤ በማግሥቱም የወጣቶቹን ሩጫ ተከታዩን ከ30 ሴኮንድ በላይ ጥሎ አሸነፈ። በ1995 ዓ.ም. በስዊስ ከተማ በሎዛን ወይዘሪት ጥሩነሽ ዲባባ የወጣት ሴቶችን ሩጫ አሸነፈች። የወጣቶች የክረምት ኦሎምፒክ በ2012 ዓ.ም. የተደረገው በዚያችው ከተማ ነው፤ ሎዛን የኢትዮጵያን ወጣት በክረምት ጨዋታ ከ17 ዓመት በፊት አይታ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የኤዲንበርግ ቀን ነው። መጋቢት 21 ቀን 2000 ዓ.ም. በስኮትላንድ ዋና ከተማ 4 ሩጫ ተደርጎ 4ቱንም ያሸነፉት ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ከአዋቂዎች ቀነኒሳና ጥሩነሽ፣ ከወጣቶች ኢብራሂም ጄይላንና የጥሩነሽ ታናሽ እኅት ገንዘቤ። ቀነኒሳ በመካከል ጫማው ወልቆበት ቆሞ ካጠለቀ በኋላ የቀደሙትን ሁሉ ደርሶ አልፏል። ከ4ቱ 3ቱ ከአንዲት የአርሲ ወረዳ፣ ከበቆጂ አካባቢ የወጡ ናቸው። በዓለም ላይ አንዲት ትንሽ ከተማ በአንድ ቀን ይህን የሚያህል ክብር ያገኘችበት ሌላ ምሳሌ ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም።

ምክንያቱ ምንድር ነው ቢባል፣ አብዛኛው ሰው ከፍታው ነው ብሎ ይመልሳል። እውነት ነው፤ አሰላ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ፣ በቆጂም 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸው፤ በላያቸውም ጭላሎና ካካ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆመዋል። አየሩ ቀጭን፣ ሌሊቱ ብርድ፣ መሬቱም በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ነው። ኃይሌ ደብተሩን በብብቱ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደ ነበረ፣ በዚያም ልማድ ግራ ክንዱ ሲሮጥ ታጥፎ መቅረቱ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ መንዝና ሰሜን፣ ጉናና ጮቄም እንደ በቆጂ በዓለም ስማቸው በተጠራ ነበር። በበቆጂ ከተራራው በላይ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በትምህርት ቤት መምህርነት የጀመሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በየማለዳው ልጆቹን ሰብስበው፣ ማን እንደ መጣና ማን እንደ ቀረ እያዩ ለብዙ ዓመታት መድከማቸው ነው። ደራርቱ ቱሉም ቀነኒሳም በእጃቸው አልፈዋል። አስቀድሞም ቢሆን የአበበ ቢቂላ አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ከፊንላንድ ተወልዶ በስዊድን ያደገ፣ የበረዶ አገር ሰው ነበር። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ ስዊድናውያን ወደ አሰላ መጥተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን ሲያቋቁሙ የዘርና የማዳበሪያ ነገር አስተማሩ። የበረዶ አገር ሰዎች ለዚህ ደጋ ያልሰጡት ስኪን ብቻ ነው ቢባል ቀልድ አይሆንም።

እንግዲህ ክብሩ ይህን ያህል ከሆነ በዚያው መጠን የሚጠበቅ ነገር አለ። የወጣቶች ውድድር ከአዋቂዎች ውድድር የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ዕድሜ ነው። በአገር አቋራጩ የወጣቶች ሩጫ የሚፈቀድለት በዚያ የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ቀን 20 ዓመት ያልሞላው ነው። ርቀቱ በሜትር ይለካል፤ ጊዜው በሴኮንድ ይቈጠራል፤ ዕድሜው ግን የሚታወቀው በወረቀት ነው። ወረቀቱ የማይታመን ከሆነ ሜዳዩም አይታመንም። በምሥራቅ አፍሪካ ወጣት ሯጮች ላይ ይህ ጥርጣሬ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲነገር ይኖራል፤ በእግር ኳስም ፊፋ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ከ17 ዓመት በታች ያሉትን ተጫዋቾች የእጅ አንጓ አጥንት በመሣሪያ እስከ ማስመርመር ደርሷል። የእናት ቃልና የመንግሥት ማኅተም ሳይበቃ ቀርቶ የልጅ አጥንት ለምስክርነት መጠራቱ የሚያሳፍር ነገር ነው።

አንዳንድ ሰው፣ ሰንደቅ ዓላማው ከፍ ካለ ሁለት ሦስት ዓመት መቀነስ ምን ይጐዳል ይል ይሆናል። የሚጐዳው በመጀመሪያ ፈረንጁን ሳይሆን የአርሲውን ልጅ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ከሌሙ ወይም ከዲገሉ ተነሥታ ለምርጫ ስትመጣ፣ ከእርስዋ ጋር በአንድ መስመር የቆመችው በእርግጥ 22 ዓመት የሆናት ብትሆን፣ ልጅቱ በጉልበት ሳይሆን በሐሰት ተሸንፋ ትመለሳለች። ወደ ቤትዋም ስትመለስ ለሩጫ ብላ ትምህርትዋን ትታ ከሆነ ሁለቱንም አጥታለች። የእርስዋን ስም የሚጽፍ ጋዜጣ የለም፤ ስለዚህ ጉዳቱ አይታይም። ዕድሜዋን ያሳነሰችውም ብትሆን አትጠቀምም፤ በወጣትነት ስም ያሸነፈችው በአዋቂዎች መካከል በቆመች ጊዜ ጉልበትዋ ወደ ማለቁ ደርሶ ይገኛል፤ ሰውም ያች ተስፋ የተጣለባት ልጅ የት ገባች እያለ ይጠይቃል። በዚህ ሁሉ የሚያተርፈው በመካከል ቆሞ የሚደልለው ነው። ማኅተሙን የሚያደርገው ሹምም ለዘመድ ውለታ የሠራ ይምሰለው እንጂ የሐሰት ሰነድ የጻፈ ወንጀለኛ ነው።

ይህ ሲባል ከላይ ስማቸው የተጠራው ጀግኖች ያገኙት ይጠርጠር ማለት አይደለም። እነርሱ ከአዋቂዎችም ጋር ቆመው ለብዙ ዓመት ዓለሙን ያሸነፉ ስለ ሆኑ ሥራቸው ይመሰክርላቸዋል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በቤልግሬድ ከ20 ዓመት በታች ሴቶች ሩጫ ማርታ አለማዮ፣ አሳየች አይቸውና ሮቤ ዲዳ 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ሆነው ሲገቡ የተገኘው ደስታ እንዲህ ያለ ነው፤ ከእነርሱ በኋላ የሚመጡት በሐሜት ሳይነኩ እንዲሮጡ ማድረግ ግን የሯጮቹ ሥራ ሳይሆን የሹማምንቱና የካህናቱ ሥራ ነው።

የሹማምንቱን እንመልከት ቢባል፣ ሕግ አልጠፋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ በሰፊው ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ያው ሕግ ራሱ ያ ክፍል በትእዛዝ እስኪታወጅ ድረስ ይቈይ ስላለ ከ50 ዓመት በላይ ሳይሠራበት ቀረ። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በመላው አገር የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ሕፃን በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ከጭላሎ ግርጌ ያለ ገበሬ ግን በክረምት ጭቃ ግማሽ ቀን ተጕዞ ቀበሌ ሲደርስ መዝጋቢው ስብሰባ ሄዷል ቢባል፣ ሁለተኛ ይመለሳል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከባድ ነው። መዝጋቢው በገበያ ቀን ከጽሕፈት ቤቱ እንዳይለይ ማድረግ ገንዘብ የማይጠይቅ ትእዛዝ ነው።

ወደ ካህናቱ ሲመጣ ነገሩ የሚያስደንቅ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ ካህኑ ልጁን ያያል፤ ስም ያወጣል፤ የክርስትና አባትን ያውቃል። ከመንግሥት መዝጋቢ በፊት ልጁን የሚያየው እርሱ ነው። ዕለቱን በመዝገብ ቢያኖር ግን ከ16 ዓመት በኋላ የሚነሣው ክርክር ሁሉ በአንድ መስመር በተፈታ ነበር። በመዝገብ ያልተጻፈም ቢሆን ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቅ ሰው የሚረዳ ምልክት አለ። የባላገር እናት ዓመተ ምሕረቱን ባታውቅ ወንጌላዊውን ታውቃለች፤ ልጄ የተወለደችው በዘመነ ማርቆስ፣ የኅዳር ሚካኤል ሳምንት ነው ትላለች። በዘመነ ማርቆስ የተወለደች ልጅ ወይ በ1998፣ ወይ በ2002፣ ወይ በ2006 ዓ.ም. ናት እንጂ በ2000 ዓ.ም. ልትሆን አትችልም። ዕድሜ የሚያሳንስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ስለ ሆነ የወንጌላውያኑ ቍጥር ያጋልጠዋል፤ አራት ዓመት የሚቀንሰውን ደግሞ ዐይን ራሱ ያየዋል። ከአርሲ ሕዝብ የሚበልጠው ሙስሊም ስለ ሆነም ይህ ለካህናት ብቻ የተተወ አይደለም፤ ልጅ በተወለደ በ7ኛው ቀን ስም በሚወጣበት ቤት የሚገኙት የመስጊድ ሽማግሎችም እንዲሁ ሊመሰክሩ ይችላሉ።

ከዚህ ሁሉ ጋር የትምህርት ቤት መዝገብ አለ። ልጅ 1ኛ ክፍል ሲገባ የሚጻፈው ዕድሜ ማንም ጥቅም ሳያስብበት የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ በተነሣበት ዓመት ከወጣው ወረቀት ይልቅ ይታመናል። በአሰላ ያለው በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተጠራው ማሠልጠኛ ማዕከልም ሆነ ሌሎቹ ክለቦች ልጅን ሲቀበሉ የ1ኛ ክፍል መዝገቡን ግልባጭ ቢጠይቁ፣ ሁለቱ ወረቀት ሲለያዩም የቀደመው ቢጸና፣ ደላላው የሚሠራው ያጣል። ይህን ማድረግ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እንዳይርቁም ይረዳል፤ መዝገቡ ያለው በዚያ ነውና።

ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ የተወለዱት ሕፃናት 16 ዓመት ሞልቷቸው ለወጣቶች ሩጫ በጃን ሜዳ መሰለፍ የሚጀምሩት በ2024 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ለምርጫ የሚቀርቡት ሁሉ ያለ ልደት መዝገብ የተወለዱ ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዛሬ በበቆጂና በአሰላ፣ በሌሙና በዲገሉ ትምህርት ቤቶች ተቀምጠዋል። እናቶቻቸው በሕይወት አሉ፤ ክርስትና ያነሡዋቸው ካህናትም አሉ፤ የ1ኛ ክፍል መዝገባቸውም በርእሰ መምህሩ ሣጥን ውስጥ ነው።