ቃርና ጭንቀት

ቋንቋችን የልብን ነገር በሆድና በአንጀት ሲገልጽ ኖሯል። ያዘነ ሰው «ሆድ ባሰኝ» ይላል፤ የራራ ሰው «አንጀቴ ተላወሰ» ይላል፤ የማይነገር ነገር የያዘም «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። ዳሩ ግን ሆድ ሁሉን ፈጅቶ አይጨርስም። በዚህ ወር ከቤተ ሰብ አንዱ ከረዥም ጭንቀት ወይም ከኀዘን በማገገም ላይ ሳለ ቃር ሲመለስበት ምን ማድረግ እንደሚገባ እንመለከታለን።

በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መገናኛ ላይ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ። ይህ በር በላላ ጊዜ ኮምጣጣው የጨጓራ ፈሳሽ፣ ይኸውም አሲድ፣ ወደ ላይ ተመልሶ ደረትን ያቃጥላል። ጭንቀት ሁልጊዜ አሲዱን ያበዛዋል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የቧንቧውን ነርቮች ስሜት ያሰላዋል። ስለዚህ በደኅናው ቀን ያልታወቀ ጥቂት አሲድ በጭንቀት ቀን እንደ እሳት ይሰማል።

ይህ የጨጓራና የስሜት ግንኙነት አዲስ ነገር አይደለም። በ1822 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት በጥይት ቆስሎ በሆዱ ላይ የማይገጥም ቀዳዳ ቀረበት። ሐኪሙ ዊልያም ቦሞንት በዚያ ቀዳዳ የጨጓራውን ሥራ ለዓመታት ተመልክቶ በ1833 በመጽሐፍ አወጣው፤ ሰውዬው በተቆጣ ጊዜ የጨጓራው ሥራ እንደሚታወክም ጻፈ።

በማገገም ላይ ያለ ሰው ቃሩ ሲመለስበት «ድካሜ ሁሉ ከንቱ ሆነ» ብሎ ይደነግጣል። ድንጋጤው ጭንቀትን ይጨምራል፤ ጭንቀቱም ሕመሙን ያሰላዋል። እንግዲህ ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ የቃር መመለስ የፈውስ መጥፋት አይደለም። የደከመ ሰውነት ሸክም በበዛበት ቀን መልሶ ያጉረመርማል፤ ሸክሙ ሲቀልም ይረጋጋል።

ሕመምተኛውን ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው «እምነትህ ስለ ጎደለ ነው» የሚለው የቤተ ሰብ ቃል ነው። ነቢዩ ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ከዛፍ በታች በተኛ ጊዜ መልአኩ አልወቀሰውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት እንጂ። በልቶም ዳግመኛ ተኛ፤ ከዚያ በኋላ ነው የረዥሙን መንገድ ጉዞ የጀመረው። እኛም ከምክር አስቀድመን ዕረፍትን እንስጥ።

በቤት ውስጥ የሚደረገው እነሆ። ጥቂት ጥቂት መብላት፤ ከራት በኋላ እስከ 3 ሰዓት ያህል አለመተኛት፤ ትራስ ብቻ ከመደራረብ ይልቅ የአልጋውን ራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፤ በግራ ጎን መተኛት። በርበሬ፣ ቅባት የበዛበት ወጥ፣ በባዶ ሆድ የሚጠጣ ቡና ወይም አልኮል የሚያስነሣበት ሰው ይህን ለይቶ ይተው። ቃር ያለበት ሰው በትንሣኤ ሌሊት ዶሮ ወጥ ጠግቦ ወዲያው ባይተኛ፣ ጥቂት ቀምሶ ሌላውን ለቀን ቢያቆይ መልካም ነው። ጾምና መድኃኒት ያልተስማሙለትም ለብቻው አይወስን፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ትራራለችና ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር።

ሕመሙ በተነሣ ሰዓት ልብስን አላልቶ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ እጅን በሆድ ላይ አድርጎ በቀስታ መተንፈስ ይረዳል። በደረትና በሆድ መካከል ያለው ጡንቻ ያንን በር የሚያግዝ ነውና፤ እንዲህ ያለው አተነፋፈስ ሐሳብንም ያረጋጋል። በዚያው እርጋታ አጭር ጸሎት ማድረስ ለምእመን የተለመደ መጽናኛ ነው።

ሆኖም ሕመሙን ሁሉ በጭንቀት ማሳበብ አይገባም። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉት የአውስትራልያ ሐኪሞች በ1982 ያገኙት ባክቴርያ የጨጓራ ቁስል የሚያመጣ መሆኑ ታውቆ በ2005 የኖቤል ሽልማት አሰጥቷቸዋል፤ ይህም በምርመራ ተለይቶ በመድኃኒት ይድናል። አስፒሪንና ዳይክሎፌናክ የመሳሰሉ ማስታገሻዎችም ጨጓራን ያቆስላሉ። ኦሜፕራዞልን ለረዥም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢተወው አሲዱ ለጊዜው ሊበረታበት ይችላልና አተዋወዱን ከሐኪም ይጠይቅ። ምግብ መዋጥ ያስቸገረው፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ደም ያስታወከ ወይም ሰገራው የጠቆረ ሰው ሳይዘገይ ይታይ። ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋራ የሚመጣ የደረት ሕመም ግን የልብ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ያድርሱት።

እንግዲህ ከቤታችሁ ሆዱን የሚፈጀው ነገር ያለበት ሰው ካለ፣ ራቱን ባቀለላችሁለት ጊዜ ጆሮአችሁንም ስጡት። የተናገሩት ነገር ግማሹ ሸክም ወርዷልና። እግዚአብሔር ለቤተ ሰባችሁ ጤናንና ሰላምን ይስጥ።