አባቴን ወደ ማዕድ ለመለሰችው ፊኛ

ሪድበርግ፣ ፍራንክፈርት

ለአንቺ፣ ለቀጭኗ ፊኛ፤

ሐኪሞቹ «ባሉን» ይሉሻል። በእኛ ቤት ፊኛ የልጆች ልደት ጌጥ ናትና አባቴ ስምሽን ሲሰማ የሚቀልዱበት መስሎት ነበር።

ሊጠይቀን ከአዲስ አበባ ሲመጣ ኮቱ ሰፍቶት ነበር። በልቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ሆዱን ይዞ ይጎብጣል። ጨጓራ ነው ብለን ተልባ በጠበጥንለት። ጨጓራው ሲመረመር ደህና ሆኖ ተገኘ። እያደር ምግብ ፈራ፤ ባለቤቴ ስታጎርሰው ፊቱን ያዞር ጀመር። አባቴ ደግሞ ጉርሻ የሚመልስ ሰው አልነበረም። ይበልጥ ያሳሳተን ዓቢይ ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም ሕመሙ ድርሽ አይልም። «ጾም መድኃኒት ነው አላልኳችሁም?» ይለን ነበር። ለካ ያልበላ አንጀት ብዙ ደም አይጠይቅም!

በኡ8 ባቡር ወስደነው ሲቲ ስካን ተነሣ። ለአንጀት ደም የሚያደርሱት ዋና ዋና ቧንቧዎች ሦስት ናቸው። የእሱ ሁለቱ ጠበዋል፤ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የላይኛውማ ክር አክሏል። የዓመታት ሲጋራና የደም ግፊት ሥራ ነው። ጨርሶ ቢዘጋ አንጀቱ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችል ነበር።

እንዲያ ከስቶ ሆዱ ይከፈት ቢባል ምን እንደምል አላውቅም። አንቺ ግን በብሽሽቱ በመርፌ ቀዳዳ ገባሽ። ቦታው ብቻ ደንዝዞ፣ እሱ ነቅቶ ያወራል። በሽቦ ላይ ተንሸራተሽ፣ በራጅ እየታየሽ ጥበቱ ጋ ስትደርሺ ተነፋሽ፤ ስቴንት የሚሉትን የብረት መረብ ትተሽለት ወጣሽ።

የፈጣሪሽን ስም ሳላነሣ አላልፍም። ድሬስደን የተወለደው ሐኪም አንድሪያስ ግሩንትዚግ የመጀመሪያዎቹን ፊኛዎች በዙሪክ ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ነው የሠራቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 የእግርን፣ በ1977 የልብን ቧንቧ ከፈተብሽ፤ በ1980 ደግሞ እሱና ባልደረቦቹ በአንቺ የአንጀትን ቧንቧ መክፈታቸውን ጻፉ። በ1985 በ46 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ነፍሱን ይማር።

ቧንቧው ዳግም ሊጠብ እንደሚችል ነግረውናል። ስለዚህ አባቴ አስፒሪኑን ይውጣል፣ በቀጠሮው በአልትራሳውንድ ይታያል፣ ሲጋራውንም ትቷል። እሑድ ባለቤቴ አጉርሳው «አንድ ያጣላል» አላት።

ይህን የምታነቡም፣ ከበላ በኋላ እያመመው ምግብ የፈራና የከሳ አባት ወይም እናት ካላችሁ፣ በተልባ ብቻ አትቆዩ፤ የአንጀቱ የደም ቧንቧ እንዲታይ ሐኪሙን ጠይቁ።