የዶርዜ ሸማኔ በዓለም ገበያ ደጃፍ

ከአርባ ምንጭ በላይ በጋሞ ተራሮች የምትገኘው ዶርዜ በሽመናዋ ትታወቃለች። ልጆቿ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳም ጥበብ ሲሠሩ ኖረዋል። ዛሬ ግን የጥበብ ንድፍ በፋብሪካ ታትሞበት ከውጭ የሚገባ ርካሽ ጨርቅ ገበያቸውን እየተሻማ ነው።

በውጭም ገበያ አለ። ኢትዮጵያ አጎዋ ከተሰኘው የአሜሪካ ቀረጥ ነፃ ዕድል በ2014 ዓ.ም. ብትታገድም፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ እጅግ ባላደጉ አገሮች ምርት ላይ ቀረጥ አንሥቷል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመን በገበያ መወሰኑም ላኪው ለሚያስገባው የውጭ ገንዘብ የሚያገኘውን ብር አብዝቶለታል።

ይሁን እንጂ የቀረጥ መነሣት ብቻውን ሽያጭ አያመጣም። የውጭ ገዥ የመጀመሪያው ነጠላና መቶኛው በመጠን፣ በቀለምና በጥራት አንድ ሆነው በቀጠሯቸው ቀን እንዲደርሱት ይሻል። ይህን አንድ ሸማኔ ለብቻው ሊያሟላ ያዳግተዋል። በማኅበር የተደራጁ ግን ድርና ማጉን በጅምላ ገዝተው፣ የጋራ መለኪያ አውጥተው ትእዛዙን ሊከፋፈሉ ይችላሉ።

በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የንግድ ትምህርት ፋይዳም የሚለካው እዚህ ላይ ነው። ወጪን ማስላትና ውል መዋዋል ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ሸማኔው ዘንድ ካልደረሰ፣ የዓለም ገበያ ትርፍ ከደላላና ከነጋዴ እጅ አያልፍም።